የእፀገነት ሦስተኛ ስም

ወር 9፣ ቀን 4፣ ሐሙስ

ይህ ደብተር የአሠሪዬ የሲት ዱዓ ልጆች ነው። አል-ጣኢፍ ሰፈር ያለውን ቤታቸውን ሳጸዳ ከአልጋ ሥር አገኘሁት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሒሳብ የቤት ሥራ አለ፣ ሌላው ባዶ ነው። ወደ ተሰደደችበት ካይሮ ደውዬ ልላክልሽ ወይ ብላት ሳቀች። «ያ ወፋ» አለችኝ ስሜን ጠርታ፣ «ሌቦቹ በሩን ከነመቃኑ ነቅለው ሄደዋል፣ አንቺ ስለ ደብተር ትጠይቂኛለሽ?» እንግዲህ የእኔ ሆነ።

በአማርኛ የምጽፈው ማንም እንዳያነብብኝ ነው። ፊደል ያስቆጠረችኝ እናቴ ናት፣ ነፍሷን ይማር፣ የጎንደር ልጅ። አባቴ የኦምዱርማን ሰው ነበር፤ ስሜም ወረቀቴም የእሱ ነው።

ሥራዬ ሰው ቤት መግባት ነው። ካይሮ የሸሹት ባለቤቶች ቁልፍ በሰው ይልኩልኛል፣ ቁልፍ የሚገባበት በር ከተረፈ ማለቴ ነው። ስልኬን ከፍቼ ከክፍል ክፍል እየዞርኩ አሳያቸዋለሁ። መጀመሪያ ስለ ወርቅ የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር፤ አይጠይቁም። የትናንቷ ሴትዮ አጥብቃ የጠየቀችኝ ደጃፏ ላይ ለመንገደኛ ያስቀመጠችው የውሃ ጋን ተሰብሮ እንደሆነ ነው። ተሰብሯል አልኳት። አለቀሰች።

ለሁሉም እውነቱን እነግራለሁ። ጣሪያው የለም። ሽቦውን ከግድግዳው ውስጥ መዘውታል። ሳሎን ውስጥ ፍየል ወልዳለች። አንድም ቀን አሳምሬ አልተናገርኩም። እንግዲህ ክፉ ወሬ መንገር አያቅተኝም ማለት ነው።

ቀን 6፣ ቅዳሜ

ቅዳሜ የመልእክት ቀን ነው። ካላክላ ገበያ ዳር ስታርሊንክ ኢንተርኔት ያለው ሱቅ አለ፤ ሰዉ ሁሉ በረንዳው ላይ ተደርድሮ አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቶ ይቀመጣል። ከሩቅ ሲያዩት ለቅሶ ቤት ይመስላል።

ዛሬ የላክሁት ይህ ነው፦ «እማ፣ እኔ ነኝ። ደህና ነኝ፣ ሥራም አለኝ። አንዲት ሴት ገበያ መሃል የራሷን የቤት በር ሲሸጥ አገኘችው። የልጆቿ የካርቱን ሥዕል እንደተለጠፈበት ነው። ሻጩን ‹በሩ ከየት መጣ?› ብትለው ‹ከቱርክ› አላት።»

የእፀገነት ወንድም ስለሺ ወዲያው መለሰ። «እማ በሳቅ ፈነዳች። አንድ ቀን ድምፅሽን ላኪላት እንጂ።»

ኔትወርኩ ድምፅ አይወስድም አልኩ። ሁልጊዜ እንደምለው።

እፀገነት ከሞተች ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሊሆናት ነው። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ቀን 6፣ ማታ

መብራት የለም። በስልክ መብራት ነው የምጽፈው፣ ትንኙ አያስቀምጥም።

አሁን ከጀመርኩት ልጨርሰው። ጀብራ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል። እሷ ከአይከል ነው የመጣችው። ሲት ዱዓ ቤት ስትቀጠር፣ ሲት ዱዓ እፀገነት ማለት አቃታትና «ዐዊያ እልሻለሁ» አለቻት፤ በዚያው ቀረ። ሰፈሩ ሁሉ ዐዊያ ነበር የሚላት። ሁሉም እንዲህ ናቸው፤ የኢትዮጵያ ልጅ ሁሉ አንድ የቤት፣ አንድ የሥራ ስም አላት። እሷም አልጠላችውም። «ዐዊያ ስትደክም እፀገነት ታርፋለች» ትል ነበር።

ጦርነቱ ሲጀመር መውጫ አጣን። ውሃ ተቋረጠ። በስድስተኛው ወር፣ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ጀሪካን ይዛ መስጊዱ ጉድጓድ ድረስ ሄደች። ዐም የሕያ፣ የግቢው ባለቤት፣ በሁለት ሰው አሸክሞ አመጣት። ወደ መቃብር የሚያስኬድ መንገድ አልነበረም። ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፉ ሥር ቆፈሩ። ሰገዱባት። የቁም ሳጥን በር ሰንጥቀው «ዐዊያ» ብለው ጽፈው ተከሉባት።

እኔ እዚያው ነበርኩ። ክርስቲያን ናት አላልኩም። ተኩሱ ቅርብ ነበር፣ ሰዎቹ ይቸኩሉ ነበር።

ከሳምንት በኋላ የስለሺ መልእክት ገባ። እፀገነት ደህና ናት ወይ? «ተኝታለች» ብዬ ጻፍኩ። የመጀመሪያዋ ቃል እሷ ናት። ከዚያ ስልኳን ወሰዱባት አልኩ። ገዳሪፍ ከተሰደድኩ በኋላ በእሷ ስም «እማ፣ እኔ ነኝ» ማለት ጀመርኩ። በእነሱም በኩል ኔትወርክ ለወራት ይጠፋ ነበር፤ ውሸቴን የጦርነቱ ኔትወርክ ሸፈነልኝ። አምና እናትየዋ በነጋዴ እጅ በርበሬ ላከችላት። ደረሰኝ፣ እጅሽ ይባረክ ብዬ ጻፍኩ። ክረምቱን ሙሉ በላሁት።

ቀን 9፣ ማክሰኞ

ሃፍላ፣ አውቶቡሱ ውስጥ፣ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች። አንዷ፣ የሚመለስ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቤቱ ነው፤ ሁለተኛ ቀን ላይ ነው ስለ ሙቱ የሚጠይቀው ትላለች። ሌላዋ፣ እኛ ሰፈር ኳስ ሜዳው በሙሉ መቃብር ነው፣ አሁን ሊያወጧቸው ነው፣ ልጆቹ መጫወቻ አገኙ አለቻት።

ከሹፌሩ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት አንገቷ፣ ሻሽ አስተሳሰሯ የእፀገነት ነው። ወርጄ እስክትዞር ጠበቅሁ። የማላውቃት ሴት ናት፣ ምን ሆነሻል ብላ ገላመጠችኝ።

ቀን 10፣ ረቡዕ

ዐም የሕያ ደወለ። ጀብራ ተመልሷል። በየግቢው የተቀበሩትን ሁሉ ወደ ትልቁ መቃብር የሚያዛውር ኮሚቴ መጥቶ ቤቱን መዝግቧል። «ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ዐዊያን ሊወስዷት ነው። ዘመድ የሌለውን ቁጥር ሰጥተው ነው የሚቀብሩት። ዘመዷ አንቺ ነሽ» አለኝ።

እሺ አልኩት።

ቀን 11፣ ሐሙስ

እነሱ ዘንድ ዛሬ አዲስ ዓመት ነው። እናትየዋ በስለሺ ስልክ ድምፅ ልካለች። ሦስት ጊዜ ሰማሁት።

«እፀዬ፣ እንኳን አደረሰሽ። ድምፅሽን ባትልኪም እግዜር ይመስገን ጽሑፍሽ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሺ ሲያነብልኝ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል። ስለዚያች ስለ በሯ ሴትዮ ለቄሱ ሳይቀር ነገርኳቸው። አይዞሽ፣ በየቅዳሴው ስምሽን አስጠራለሁ።»

ከኋላ ዶሮ ይጮሃል።

ቀን 14፣ እሑድ

ጀብራ ሄድኩ። መንገዱ ላይ ያሉት ውሾች ወፍረዋል፤ ለሰው አይነሱም፣ እኛ ነን የምንዞርላቸው። ሰዎች መስታወት ይጠርጋሉ። ከተማው ሁሉ የመጥረጊያ ድምፅ ነው።

ዐም የሕያ ከስቷል፣ ጢሙ ነጭ ሆኗል። ጎረቤቱን ያማልኛል፤ ሌባው የእሱን ማቀዝቀዣ ወደ ጎረቤት ቤት አዛውሮ፣ ጎረቤትየው አሁን ሲመለስ የእኔ ነው ይላል። ሁለቱም በአንድ ማቀዝቀዣ አይነጋገሩም። ሳቅሁ፣ ሳቄን ሰምቼ ደነገጥኩ። ኒሙ ሥር ነበርን። ሰሌዳው ዘሟል፣ ጽሑፉ ይነበባል።

የኛን ክፍል ከፈተልኝ። ፍራሽ እንኳ የለም። ግድግዳው ላይ እፀገነት በኖራ የጻፈችው የውሃ ተራ ግን እንዳለ አለ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ እያለ ይወርዳል፤ ከእያንዳንዱ ቀን አጠገብ አንዴ «ወ»፣ አንዴ «እ»።

ያ አሥራ ዘጠነኛው ቀን ሰኞ ነበር፤ ከሰኞ አጠገብ ያለው «ወ» ነው።

ጨርቅ አርጥቤ ግድግዳውን ጠረግሁት። ሥራዬ ነው፣ ቤት ማጽዳት።

ቀን 15

ሥራ አልሄድኩም።

ቀን 17፣ ረቡዕ

ቄስ ገብረየስ ከገዳሪፍ ተመልሰው ካላክላ ናቸው ሲሉኝ ሄድኩ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ አሁን ቀን ቀን የሰው መጋዘን ይጠብቃሉ፤ መስቀላቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሊያሳልሙኝ ሲሉ እጄን ሰበሰብኩ፣ ገባቸው። «የዚህ አገር ልጅ ነሽ። ይሁን፣ ተቀመጪ» አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሁሉንም አይደለም። ከመልእክቱ በስተቀር ሁሉንም። ከመልእክቱና ከሌላ አንድ ነገር በስተቀር።

ፍትሐት ሳታገኝ ሁለት ዓመት መክረሟን ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ያዙ። መጥቼ አወጣታለሁ፣ ወደ ክርስቲያኖቹ መቃብር እናደርሳታለን፣ ለኮሚቴው እኔው እነግራለሁ አሉ። ደስ ሊለኝ ሲል፣ «በማን ብዬ ልጥራት?» አሉኝ።

እፀገነት።

«እሱ የቤት ስሟ ነው። ፍትሐት የሚደርሰው በክርስትና ስም ነው። ማን ነበረች?»

አላውቅም። አንድ ጊዜ ነግራኛለች፣ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰች ቀን፣ ጫማዋን እያወለቀች። እኔ ስልኬን እያየሁ እህ፣ እህ እል ነበር።

እናቷን ጠይቂ አሉኝ። ሳልነግራት ብጠይቅስ? እስከዛሬ አታውቅም ወይ አሉኝ። መልእክቱን ያኔ ነገርኳቸው፣ ልጅቷ ልታገባ ነው፣ ቄሱ ስም ጠይቀዋል ብልስ አልኳቸው።

«ልጄ፣ ራሷ ታውቀው የለ?» አሉ። «በሕይወት ያለ ሰው የክርስትና ስሙን ከእናቱ አያስጠይቅም።»

ቀን 20፣ ቅዳሜ

እነግራቸዋለሁ ብዬ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ስለሺ ቀድሞ ጽፏል፦ «እማ ጥርሷን አሟታል፣ አንድ የሚያስቅ ነገር ላኪላት።»

የማቀዝቀዣውን ነገር ላክሁላት። «እማ፣ እኔ ነኝ» ብዬ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ።

ቀን 21

ትንኝ። ሙቀት። ጎረቤቴ በዴንጌ ወድቃለች፣ ውሃ ስቀዳላት ዋልኩ። አራት ጊዜ ተመላለስኩ። የትም ሳልቀር አራቴ ተመለስኩ።

ቀን 23፣ ማክሰኞ

ሲት ዱዓ ደወለች። መጋረጃ ልትልክ ነው፣ መስኮት የሌለው ቤት መጋረጃ ምን ያደርግለታል ብላት፣ ለጎረቤት ዓይን ነው አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዐዊያስ የት ደረሰች አለችኝ። እስከዛሬ ጠይቃኝ አታውቅም። ሞታለች አልኳት፣ እንዲሁ፣ ስለ ጣሪያው እንደምነግራት።

ልጆቿን ያሳደገችላት ዐዊያ ናት። «እውነተኛ ስሟ ማን ነበር? ሁልጊዜ ልትነግረኝ ትሞክር ነበር፣ እኔ አልይዝም» አለች። ነገርኳት። ደጋግማ ሞከረችው። ዛሬም አልቻለችም።

ቀን 25

መስቀል ቅዳሜ ነው። በዓላቸውን አላበላሽባቸውም። ከመስቀል በኋላ።

ቀን 26፣ ዓርብ

ከኮሚቴው ሙሀነድ የሚባለው ደወለ፤ የሚቀጥለው ሐሙስ ጀብራ ይገባሉ። ትሑት ሰው ነው፣ ሳል አለበት። ስም፣ የአባት ስም፣ ሃይማኖት ያስፈልገኛል አለ። ክርስቲያን ናት አልኩት። ለሁለት ዓመት ዋጥኩት፣ በስልክ ለማላውቀው ሰው ተናገርኩት። «ታዲያ ሰሌዳው?» አለ። የሥራ ስሟ ነው አልኩት።

ከሌላ ሰው ሳይሰማ ብዬ ጀብራ ሄጄ ለዐም የሕያ ነገርኩት። ሸክላ ጡብ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«በየዓርቡ ፋቲሓ ቀርቼላታለሁ» አለ።

ይቅርታ አልኩት።

«የቀራሁትን አልመልስም፣ ለእሷው ደርሷል። ግን ያ ቢቲ፣ ያን ቀን ብትነግሪኝ በወጓ እቀብራት ነበር። የእናንተን አቀባበር አላውቅም፣ ግን ትነግሪኝ ነበር፣ አደርገው ነበር። ፈራሽኝ?»

እሱን አልነበረም የፈራሁት። እሱ ግን እንደዚያ አምኖ ቀረ።

ቀን 28፣ እሑድ፣ ማታ

ደወልኩ። ከሰዓት፣ ከሱቁ በረንዳ፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ።

ስለሺ ነው ያነሳው፤ ወፋ ነኝ፣ የእፀገነት ጓደኛ፣ እናታችሁን ላናግር ነው አልኩት። ድምፅ ይወስዳል እንዴ ኔትወርካችሁ አለ። ዛሬ ይወስዳል አልኩት።

እማማ ሰላምታውን አበዙት። እናቴን ነፍስ ይማር አሉ፣ ስለ ጦርነቱ ጠየቁ፣ ጥርሳቸው እንደተሻላቸው ነገሩኝ። ፋታ አላገኘሁም። መጨረሻ ላይ አቋርጬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የደወልኩት፣ የእፀገነት የክርስትና ስም ማነው አልኳቸው።

«ወለተ ሩፋኤል» አሉ፤ መንገድ እንደጠየቅኋቸው፣ ወዲያው። ከዚያ፣ «ምነው? እሷ የለችም እንዴ?» አሉ።

ሌላ ነገር አላልኩም፤ ያው ዝም ማለቴ ነው የነገራቸው። ስልኩ ወደቀ፣ ስለሺ እማ፣ እማ ሲል ይሰማኛል፣ የሴት ድምፆች ከደጅ ገቡ። ልዘጋው ነበር። አልዘጋሁም። በረንዳው ላይ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ከአጠገቤ ራቁ፤ አንዱ ብቻ ውሃ አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠ።

እማማ ወደ ስልኩ ተመለሱ። መቼ አሉኝ። ቀኑን ነገርኳቸው፤ ስለሺ በኢትዮጵያ ቆጥሮ ነገራቸው።

«ሰኔ ዐሥራ ሁለት? የሚካኤል ዕለት?» አሉ። «ዝክሬ ነው እኮ። ያን ቀን ቤቴ ሰው ሞልቶ ነበር። ስንበላ ስንጠጣ ነው የዋልነው።»

ታዲያ የሚጽፍልን ማነው አሉ። እኔ ነኝ አልኩ። በርበሬውስ? እኔ ነኝ አልኩ። ሁለት ዓመት ስሟን ከሕያዋን ጋር ሳስጠራ ዝም አልሽኝ አሉ። ዝም አልኩዎ አልኩ።

ምን አገኛት አሉ። ውሃ ልትቀዳ ወጥታ።

«ብቻዋን?»

ብቻዋን።

«አንቺስ የት ነበርሽ?»

ቤት አልኩ። ውሸት አይደለም። ቤት ነበርኩ።

ወር 10፣ ቀን 2፣ ሐሙስ

ዛሬ አዛወርናት።

ነጭ ልብስ የለበሱ አምስት ሰዎች፣ አካፋ፣ ነጭ ከረጢት። ሙሀነድ መዝገቡን ይዞ እያሳለ። ዐም የሕያ የኒሙን ቅርንጫፍ ራሱ ቆርጦ መንገድ ከፈተላቸው። ማቀዝቀዣውን የቀማው ጎረቤት ሳይቀር መጥቶ ጫማውን አውልቆ ቆመ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ፣ አሁንም አልተነጋገሩም።

ከገመትኩት ያነሰ ነበር የወጣው። ከረጢቱን አንድ ሰው ያነሳዋል።

ቄስ ገብረየስ መጋዘኑን ለሰው አስጠብቀው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጥተዋል። መጽሐፋቸውን ገልጠው ሲጸልዩ ግዕዙ አይገባኝም፣ ስሙ ሲመጣ ግን አውቀዋለሁ። ወለተ ሩፋኤል። ዐም የሕያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ማነች እሷ አለኝ። ዐዊያ ናት አልኩት። ራሱን ነቀነቀና በድምፁ ሞከረው፤ ከሲት ዱዓ ይሻላል።

ሙሀነድ መዝገቡ ላይ ሦስቱንም ስም ጻፈ። ቦታ አልበቃው ብሎ ወደ ዳር ወጣ። የዘመድ ፊርማ ብሎ እስክሪብቶ ሰጠኝ። ዝምድና የሚለው ባዶ ቦታ አለ። «ምን ልበል?» አለኝ። አብራኝ ትኖር ነበር በል አልኩት።

ማታ

አልተኛሁም። ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። እስከ ዛሬ እንዲህ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

ቀን 4፣ ቅዳሜ

እግሬ ልማዱን ይዞ ወደ ሱቁ ወሰደኝ። ምንም አልጠበቅሁም ነበር። የስለሺ መልእክት ሐሙስ ማታ ነው የገባው።

«ለቅሶ ተቀምጠናል። እማ የምትልሽን እንዳለች ነው የምጽፈው። ‹ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም፣ ገና ነው። ግን ያን ቀን ከእሷ ጋር የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ቅዳሜ ጻፊ። በእሷ ስም ሳይሆን በራስሽ። ከጠዋት ጀምረሽ፣ ምን እንደበላችሁ፣ ምን እንዳለችሽ፣ ለምን እንደወጣች፣ አንድም ሳትተዪ።›»

በረንዳው ሞልቷል። አጠገቤ ያለው ሰው ሳውዲ ያለ ልጁን እያናገረ ይስቃል። መንገዱ ማዶ የውሃ ጋሪ ቆሟል፣ አህያው ቆሞ ይተኛል። ይህን ልጽፍላት እችላለሁ፤ አህያውን፣ ሰውየውን። ትስቅ ይሆናል። ጣቴ «እማ» ብሎ ጀምሮ ነበር፣ አጠፋሁት።

«እማማ፣ እኔ ወፋ ነኝ። ያን ቀን ሰኞ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ላክሁት። ከዚያ ወዲያ አልሄድ አለኝ።

ስለሺ ወዲያው መለሰ።

«አጠገቤ ናት። እያዳመጠች ነው። ቀጥዪ።»